ከእንቅርት እስከ ናኖ ቅንጣት፦ አሰላ ስንት ዓመት ትጠብቅ?

መከራ ሲደራረብ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" እንላለን። አባባሉ ከሜዳ አልተነሳም፤ እንቅርት ደገኛው ጠንቅቆ የሚያውቀው ሕመም ነው። ዝናብና ጎርፍ የተራራውን አፈር አዮዲን አጥበው ይወስዱታል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለውን የሚበላ ሰው አዮዲን ያጥረዋል፤ አንገቱ ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢም ያብጣል። በጭላሎ ግርጌ ያለችው አሰላና የአርሲ ደጋም ከዚህ ስጋት ውጭ አይደሉም።

የሚገርመው፣ ደጋችንን የጎደለው ይኸው አዮዲን ካንሰርን በአንድ መድኃኒት "አይቶ ማከም" ለሚለው ሐሳብ መነሻ መሆኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1936 ቦስተን ውስጥ ሳውል ኸርትዝ የተባለ ሐኪም አንድ የፊዚክስ ሊቅ ንግግር ሲያደርግ አዳመጠና አዮዲንን ጨረር አመንጪ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ታይሮይድ አዮዲንን ከደም ለቅሞ እንደሚያከማች ያውቃልና። በ1941 ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ያለበትን ሰው በዚሁ አከመ። በ1946 ደግሞ ሳሙኤል ሳይድሊንና ባልደረቦቹ የተሰራጨ የታይሮይድ ካንሰርን በአዮዲን ማከማቸውን አሳተሙ። አዮዲን 131 ሁለት ዓይነት ጨረር አለው፦ አንዱ ከሰውነት ወጥቶ ካንሰሩ ያለበትን ቦታ ለካሜራ ያሳያል፣ ሌላው እዚያው የካንሰሩን ሕዋስ ይገድላል።

የዛሬው የናኖ ቅንጣት ምርምር ይህንኑ ሐሳብ ለሌሎች ካንሰሮች ለማዳረስ ይጥራል። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ጋዶሊኒየም የያዙ ቅንጣቶች በኤምአርአይ ይታያሉ፤ ጨረር ሲያርፍባቸው ደግሞ ካንሰሩ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያበረታሉ። ፈረንሳይ ውስጥ በሰው ላይ ተሞክረዋል። ችግሩ፣ ብዙው ቅንጣት ካንሰሩ ጋ ሳይደርስ ጉበትና ጣፊያ ይዘው ያስቀሩታል።

እኛ ዘንድ ግን መድኃኒት የሚቀረው ገና ሰውነት ሳይገባ ነው። ስዊዘርላንድ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር የጀመረችው በ1922 ነው። በእኛ አገር፣ ቀደም ያሉ ሙከራዎች ቢኖሩም፣ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። 89 ዓመት! ያውም ለጨው። የጨረር ሕክምናም ቢሆን ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል ጥቁር አንበሳ ብቻውን ተሸክሞት ነበር፤ የአርሲ ታማሚ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

"አይቶ ማከም" የሚጀምረው ከማየት ነው። ናሙና መርምሮ ካንሰር መሆኑን የሚለይ ባለሙያ፣ የማይቆም የምስል መሣሪያ፣ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግን ቴክኒሺያን በአሰላው የማስተማሪያ ሆስፒታል አስተማማኝ ሆነው ካልተገኙ፣ ናኖ ቅንጣቱ ነገ ቢሳካ እንኳ ለአርሲ ገበሬ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቅንጣቱን ሌሎች ይሥሩት፤ መንገዱን ግን ከእኛ በቀር ማንም አይጠርግልንም።