ስም የለሹ ተከላካይና ልጁ

የአሜሪካ ፉትቦል ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከፊልም ነው። እግር እምብዛም የማይነካው እግር ኳስ! ኳሷ እንቁላል መሳይ፣ ተጫዋቹ ደግሞ የራስ ቁር አጥልቆ ዘማች የሚመስልበት። እስቲ ዛሬ ቀልዱን እናቆየውና ከዚያ ሜዳ የአንድ ሰው ታሪክ እንጨዋወት። ኒክ ቡዎኒኮንቲ ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኒክ የተወለደው በ1940 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከጣሊያን ስደተኞች የሚወለድ፣ ዳቦ ጋግሮ የሚያድር ነበር። ልጁ ጎበዝ ተጫዋች ሆኖ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሲጨርስ ግን ትልቁ ሊግ ኤንኤፍኤል ዞር ብሎም አላየው። ምክንያቱ? «አጭር ነው!» ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን መለሎው ይባል ነበር። በ1962 የቦስተን ፓትሪየትስ ቡድን፣ ያውም በ13ኛው ዙር ምርጫ፣ ወሰደው። ያኔ ቦስተን የሚጫወተው ገና ሁለት ዓመቱ በነበረው ተፎካካሪ ሊግ ውስጥ ነበር።

ቦታው ላይንባከር ነው። ላይንባከር ከመከላከያው የፊት ረድፍ ጀርባ ይቆማል፤ የተቃራኒን አሰላለፍ ያነብና ኳስ የያዘውን ሰው ተወርውሮ ይጥላል። የመሐሉ ላይንባከር ደግሞ የመከላከያው አዝማች ነው። ሥራው በአጭሩ መጋጨት ነው፤ በየጨዋታው፣ በየልምምዱ። ኒክ ቀን እየተጋጨ፣ በትርፍ ጊዜው ቦስተን ሰፎክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ።

በ1969 ወደ ማያሚ ዶልፊንስ ተሸጋገረ። በዓመቱ ዶን ሹላ የሚባል አሠልጣኝ መጣና ቡድኑን ከመሬት አነሣው። ለጥር 1972ቱ ሱፐር ቦል ሲዘጋጁ የዳላሱ አሠልጣኝ ቶም ላንድሪ የማያሚን ተከላካዮች ስም ማስታወስ እንደማይችል ተናገረ። በቃ፣ «ስም የለሹ መከላከያ» የሚለው ቅጽል እዚያው ተለጠፈባቸው። ዳላስም 24 ለ3 አሸነፋቸው።

በቀጣዩ ውድድር ግን ስም የለሾቹ ስም አወጡ። 17 ተጫውተው 17ቱንም አሸነፉ። ጥር 14 ቀን 1973 በሎስ አንጀለስ ዋሽንግተንን 14 ለ7 ሲረቱ፣ የሁለተኛውን ጎል መንገድ የጠረገው የኒክ እጅ ነበር፤ የተወረወረውን ኳስ ነጥቆ ወደ ዋሽንግተን ክልል ይዞት ገባ። በዚያ ሊግ ከመጀመሪያ እስከ ዋንጫ ሁሉንም ጨዋታ አሸንፎ የጨረሰ ሌላ ቡድን እስከ ዛሬ የለም። ኒው ኢንግላንድ በ2007ቱ ውድድር 18 አሸንፎ 19ኛው ላይ ወደቀ።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ኑሮ ፊቱን አላዞረበትም። በቴሌቪዥን የስፖርት ዝግጅት መራ፤ የትምባሆ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። (ቅዱስ ነበር ያለ የለም!)

ከዚያ ጥቅምት 1985 መጣ። የ19 ዓመቱ ልጁ ማርክ እንደ አባቱ ላይንባከር ነበር፤ የሚጫወተውም ለሲታዴል ወታደራዊ ኮሌጅ ነው። አንድ ሰው ሊጥል ተወርውሮ አንገቱ ተጎዳ። ከትከሻው በታች ሰውነቱ ሽባ ሆነ። አባት ያን ቀን ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ግን ከነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ባርት ግሪን ጋር ሆኖ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የአካል ሽባነትን የሚያጠና ማዕከል አቋቋመ። ቀሪ ዘመኑን ገንዘብ በመለመን አሳለፈ ማለት ይቻላል። የተሰበሰበው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነው። በ2001 ከስፖርቱ ታላላቆች መዝገብ ሲገባ መድረኩ ላይ ያስተዋወቀው ማርክ ነበር። አባትየው ልጁ ቆሞ የሚሄድ ከሆነ የዋንጫ ቀለበቱንም ክብሩንም እንደሚሰጥ ተናገረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ግጭቱ ሂሳቡን ገና አልጨረሰም። ኒክ ሲያረጅ መውደቅ፣ መርሳት፣ ሸሚዝ መልበስ እንኳ ማቃት ጀመረ። በ2017 ሲሞት አንጎሉ ለምርምር እንዲሰጥ ቃል ገባ። በጥር 2018 ደግሞ ከሃሪ ካርሰንና ከፊል ቪላፒያኖ ጋር ቆሞ ወላጆችን ለመነ፦ ልጆቻችሁ 14 ዓመት ሳይሞላቸው ሰው እየጣሉ አይጫወቱ! ሦስቱም ሰው በመጣል እንጀራ የበሉ ላይንባከሮች ናቸው። ኒክ ሐምሌ 30 ቀን 2019 በ78 ዓመቱ አረፈ።

የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ቁጥር፣ ከመረመሯቸው 376 የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎሎች በ345ቱ ላይ ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣው የአንጎል በሽታ ተገኝቷል። እርግጥ አንጎሉን የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ የታየበት ሰው ነውና ቁጥሩ የሁሉንም ተጫዋች ዕጣ አይናገርም። ግን ቀላል ነገር ነው የሚል ማን ነው?

«እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ፣ ያገባናል። በ2019 የወጣ የግላስጎ ጥናት የቀድሞ የስኮትላንድ እግር ኳስ ፕሮፌሽናሎች በአንጎል መመናመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ኳሱ የእኛው ኳስ፣ በቴስታ የምንመታው ነው። ብልህ ከሌላው ይማራል ይባላል። ለመሆኑ ታናሽ ወንድማችሁ ወድቆ ራሱን ይዞ ሲነሣ «አይዞህ፣ ቀጥል!» ነው የምትሉት ወይስ «ና ውጣ»?