የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ፌሎሺፕ

የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ፌሎሺፕ ማለት አንድ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ሕመምተኛው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት የሚሰጠውን ሕክምና ለመምራት የሚወስደው ተጨማሪ ሥልጠና ነው። የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና ሥልጠናም ይባላል። ከድንገተኛ ክፍል ሕክምና ጋር ቢቀራረብም ሁለቱ አንድ አይደሉም። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በሩ ላይ የደረሰለትን ሰው ያክማል፤ የዚህኛው ሐኪም ሥራ ግን የሚጀምረው የእርዳታ ስልክ ከተደወለበት ደቂቃ ነው። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ደረቱን ተጭኖ የሚረዳው ካላገኘ፣ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ሰው የሚድነው ወይም የሚሞተው ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ሳይደርስ ነው።

አመጣጡ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በፈረንሳይ ሐኪሙ ራሱ በአምቡላንስ ይወጣል፤ «ሳሙ» የተባለው ይህ አገልግሎት በቱሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 ተቋቋመ። በአሜሪካ ግን በአምቡላንስ የሚወጡት ፓራሜዲኮች ናቸው፤ ሐኪሙ የሚመራቸው ከርቀት ነው። አሜሪካ ዘርፉን እ.ኤ.አ. በ2010 እንደ ንዑስ ስፔሻሊቲ ተቀብላ፣ የመጀመሪያውን የብቃት ፈተና በ2013 ሰጠች። ሥልጠናው እዚያ የሚፈጀው 1 ዓመት ነው። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2011 ለዘርፉ ዕውቅና ሰጥታለች።

ሠልጣኙ ምን ይማራል?

ሠልጣኙ ከአምቡላንስ ሠራተኞች ጋር መውጣቱ አይቀርም፤ ሆኖም ትልቁ ሥራ የማይታየው ነው። የአምቡላንስ ባለሙያ ሐኪም ሳይጠይቅ ምን መድኃኒት መስጠት እንደሚችል፣ መቼ ደውሎ መጠየቅ እንዳለበት የሚወስነውን ፕሮቶኮል ያዘጋጃል። ያለፉ ጥሪዎችን መዝገብ እየመረመረ የት እንደተዘገየ ያጣራል። በስልክና በሬዲዮ ትእዛዝ መስጠትን ይለማመዳል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ መለየትም የሥልጠናው አካል ነው፤ በጣም የሚጮኸው ሰው ሁልጊዜ በጣም የተጎዳው አይደለም።

የኢትዮጵያ መሠረት

እንዲህ ያለ ሥልጠና የሚቆመው በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ላይ ነው። ይህ ስፔሻሊቲ በኢትዮጵያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ ዶ/ር አክሊሉ አዛዥ ናቸው። የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንን በመላክ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያሉበት «ፒፕል ቱ ፒፕል» ድርጅትም በማስተባበር አግዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ስፔሻሊስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ተመረቁ። ከዚያ በፊት ድንገተኛ ክፍሉን የሚያንቀሳቅሱት ከሌሎች ክፍሎች በተራ የሚመደቡ ሐኪሞች ነበሩ።

የአምቡላንሱ ታሪክ ግን ከሐኪሞቹ ሥልጠና ተለይቶ የሄደ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ተመሥርቶ ዛሬ በ907 ይጠራል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ939። በጥቁር አንበሳ የሰመመን ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን መሠረቱ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለወረዳዎች ያከፋፈላቸው አምቡላንሶች ዋና ዓላማ ወላድ እናቶችን ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነበር። ይህ የብዙ እናቶችን ሕይወት የሚነካ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አምቡላንስ ማለት የማመላለሻ መኪና ነው የሚለውን ልማድም አጠንክሮታል። ፌሎሺፑ ዋጋ የሚኖረው ይህን ልማድ ሲለውጥ፣ ማለትም መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሠራ ኃላፊነት የሚወስድ ሐኪም ሲኖር ነው።

ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ፣ በሲኤምሲ፣ በአያት፣ በሰሚትና በጎሮ በኩል በፍጥነት ሰፍታለች። ጥቁር አንበሳ ያለው ግን በመሀል ከተማ፣ በቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከአያት ወደዚያ መጓዝ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ አምቡላንሱ ማንን ወዴት ይውሰድ የሚለው ራሱ የሕክምና ውሳኔ ነው፤ በአቅራቢያው ካሉት፣ ለምሳሌ ገርጂ ካለው «ኮሪያ ሆስፒታል» ወይም ከየካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የቱ ይሻላል? ወይስ ርቀቱ ቢበዛም በቀጥታ ወደ ጥቁር አንበሳ? ቅርብ የሆነው ሆስፒታል ለጭንቅላት ጉዳት ቀዶ ሐኪም ከሌለው፣ እዚያ ወስዶ እንደገና ማዛወር ሁለት ጉዞ ይሆናል።

ሌላው ችግር አድራሻ ነው። ደዋዩ የሚናገረው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሳይሆን «ሰሚት ፍየል ቤት፣ ከታክሲ ማዞሪያው ገባ ብሎ» የሚል ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ዓይን ሲታይ ይህ የሚፈታ ችግር ነው፤ የሰፈር መጠሪያዎችን ከካርታ ነጥብ ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር የጥሪ ተቀባዩን ሥራ በእጅጉ ያቀልለታል። በየትኛው ጥሪ ላይ ግን የትኛው መኪና መጀመሪያ ይላክ የሚለውን ሶፍትዌሩ የሚወስነው ሐኪም በጻፈለት ሕግ ነው።

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም እዚሁ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ አውሮፕላን ማረፊያዎች የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዲኖራቸው ያዛል፤ በመደበኛው አሠራር ከ2 ዓመት ባልበለጠ ጊዜም ሙሉ ልምምድ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ልምምድ ቁስለኞችን በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ምልክት መለየት፣ አምቡላንሶችን ለተለያዩ ሆስፒታሎች ማከፋፈልና አንዱ ሆስፒታል ብቻ እንዳይጨናነቅ መከታተል ይሞከራል። የፌሎሺፑ ሠልጣኝ በትምህርት ዘመኑ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ልምምድ ላይ ቢሳተፍ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይማራል።