የማይታየው ሽንቁርና መስካሪው ጋዝ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ የደጋውን ካባ አውልቆ የይፋትን ቆላ ሙቀት ይቀበላል። በዚህ መንገድ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር ወደ ጎሚስታ ቤት ሲገባ፣ ጎሚስታው ከመነዳሪውን በአየር ነፍቶ በውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል። አየሩም አረፋ እየሠራ ሲወጣ ባየ ጊዜ ጣቱን በሥፍራው ላይ ያሳርፋል። ዓይን ያላገኘው ሽንቁር በዚህ ተገኘ ማለት ነው።

ሥራው ቀላል ቢመስልም የዘመናችን ታላላቅ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ጥበብ ከዚሁ የተለየ አይደለም። ይኸውም የማይታየውን ሽንቁር ለማግኘት በሽንቁሩ ሾልኮ የሚያልፍ መስካሪ ማቆም ነው። የዚህን ጥበብ ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል፤ መጨረሻው ወደ ይፋት ጎረቤት ይመልሰናልና።

ውሃ ወይም ዘይት የሚያፈስ ዕቃ ወለሉን ስለሚያርስ ራሱን ያጋልጣል። ከጋዞች መካከል ግን መልክም ሽታም የሌላቸው አሉ። በዚህ ረገድ መራራውን ትምህርት የሰጠው በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ኒው ለንደን በተባለች ሥፍራ የደረሰው አደጋ ነው። መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል በታች ሳይታወቅ የተጠራቀመ የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ ሕንጻውን አፈረሰው። ከተማሪዎቹና ከመምህራኑ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ጋዙ ሽታ ስላልነበረው አስቀድሞ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የቴክሳስ መንግሥት በጋዙ ላይ ሽታ እንዲጨመር በሕግ አዘዘ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ለዚህ የሚያገለግለው መርካፕታን የሚባል የድኝ ውሑድ ሲሆን፣ እጅግ ጥቂቱ እንኳ አፍንጫን ይሰነፍጣል። ዛሬ በከተሞቻችን በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ የሚከረፋውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ክርፋቱ የጋዙ ጠባይ ሳይሆን በሰው እጅ የተጨመረ ዘበኛ ነው። እንግዲህ ይህን ሽታ ያሸተተች የቤት እመቤት ክብሪት ሳትጭርና የመብራት ማብሪያ ሳትነካ፣ ሲሊንደሩን ዘግታ በርና መስኮቱን ብትከፍት፣ በዚያ ትምህርት ቤት የጠፉት ሕፃናት ሞት ባስገኘው ትምህርት ቤቷን አዳነች ማለት ነው።

ሽታ ለማድ ቤት ቢበቃም ለፋብሪካ የማይበቃበት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካኖች በቴኔሲ ግዛት፣ በኦክ ሪጅ፣ ዩራኒየምን በጋዝ መልክ ለይቶ የሚያጣራ እጅግ ሰፊ ፋብሪካ አቋቋሙ። በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ብረትን የሚበላና ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚበላሽ ስለ ነበረ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽንቁር እንኳ ሥራውን ሁሉ ያሰናክል ነበር። በዚህ ጊዜ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው አልፍሬድ ኒር ከባልደረቦቹ ጋር በሂሊየም የሚሠራ መመርመሪያ መሣሪያ አዘጋጀ።

ሂሊየም በ1860 ዓ.ም. በግርዶሽ ጊዜ ምልክቱ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የታየ፣ በምድር ላይ ግን በ1887 ዓ.ም. ዊሊያም ራምዚ በተባለው ሊቅ የተገኘ ጋዝ ነው። ለመስካሪነት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። አይቃጠልም፤ አይመርዝም፤ ከሌላ ነገር ጋር አይዋሐድም። ቅንጣቱም ረቂቅ ስለ ሆነ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል። በአየር ውስጥ የሚገኘው ከሚሊዮን 5 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በመሣሪያው ውስጥ በዝቶ በተገኘ ጊዜ ከየት እንደ መጣ አያከራክርም። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከሚመረመረው ዕቃ ውስጥ አየሩ ተመጥጦ ይወጣል። ሠራተኛው በውጭ በኩል በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሂሊየም በቀጭኑ ይነፋል። ሽንቁር ካለ ሂሊየሙ ወደ ውስጥ ይገባና፣ ቅንጣቶችን በክብደታቸው የሚለየው መሣሪያ ወዲያው ያስታውቃል። ለጦርነት ሥራ የተጀመረው ይህ ዘዴ ዛሬ የማቀዝቀዣ ዕቃዎችን ለመመርመር ጭምር ያገለግላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከይፋት ቆላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአፋር ምድር፣ ዶፋን የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለባሩድ የሚሆነውን ድኝ ከዚያ ያስመጡ እንደ ነበር በዘመኑ ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ድኙ ራሱ ከምድር ውስጥ ጋዝ እንደሚያፈተልክ የሚመሰክር ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዶፋን እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ በታላቅ ድምፅ ወጣ። የመሬቱም መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ፤ በአቅራቢያው ስላለው የከሰም ግድብም ብዙ ሰው ሰጋ።

በተከተለው የጥር ወር ከዶፋን በስተደቡብ ካለው ከፈንታሌ ተራራ ብዙ ሚቴን መውጣቱን ሳተላይቶች አዩ። መጠኑም በሰዓት 58 ቶን ያህል እንደ ሆነ ተሰላ። ሚቴን በቴክሳስ ለደረሰው እልቂት ምክንያት የሆነው የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል ነው። በተራራው ግርጌ የቆመ እረኛ አያየውም፤ አያሸተውምም። ነገር ግን ሚቴን ከምድር ተንጸባርቆ ከሚመለሰው የፀሐይ ብርሃን የተወሰነውን ክፍል ስለሚውጥ፣ ሳተላይቱ በጎደለው ብርሃን ጋዙን ያውቀዋል። እንደዚሁም በአፋር ከሚወጡ ጋዞች ውስጥ ሂሊየም 3 የተባለው ዓይነት ከአየሩ ይልቅ በብዙ እጥፍ ተገኝቷል። ይህም ጋዙ ከምድር ጥልቅ እንደሚመጣ ያስረዳል። ሰው በፋብሪካ መስካሪ አድርጎ ያቆመውን ጋዝ ምድር ከራሷ ሆድ ታወጣዋለች።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ዕቃ ሳይሞላ፣ ቧንቧ ሳይከፈት መመርመር ድካሙ ጥቂት ነው፤ ከአደጋ በኋላ ሽንቁሩን ማግኘት ግን የሞተውን አያስነሣም። መስካሪውን ማቆም የሊቃውንት ሥራ ነው። ምስክርነቱን ሰምቶ በጊዜው መነሣት ግን የእኛ፣ የሹሙም፣ የመምህሩም፣ የተማሪውም ፋንታ ነው።