የመንጌ ርቀት በመድኃኒት ቅጽ ውስጥ

በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ቀጥሎ የመጣው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ እንዲልኩ፣ ክምችታቸውም ከ4 ወር እንዳይበልጥ፣ ከ2 ወር እንዳያንስ ወሰነ። ይህን ቅጽ እኔ የማነበው በወረቀት ላይ እንደ ተሠራ የዳታ ሞዴል ነው።

የዕቅድ ሶፍትዌሮች የመጓጓዣን ጊዜ የሚመዘግቡት ሁለት ቦታዎችን በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው፤ ከአሶሳ መንጌ ላለው መንገድ ለበጋ አንድ ቁጥር፣ ለክረምት ሌላ ሊሰጥ ይችላል። በቅጹ ግን ርቀት የራሱ ዓምድ የለውም፤ በወራቱ ቁጥር ውስጥ ተሸሽጓል። ስለዚህም ለመንጌም ለአዲስ አበባም ጤና ጣቢያ የተፈቀደው ያው 4 ወር ነው።

ቅጹን መውቀስ ብቻ አይገባም፤ መድኃኒት ያልነበረባቸውን ቀናት ይጠይቃል። ያ ዓምድ ባዶ ሲታለፍ ግን የታጣው መድኃኒት ያልተፈለገ ይመስላል፤ የሚቀጥለውም ትእዛዝ ያንሳል።