የታይገር ታናሽ ወንድም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። አንዳንዱን ሕዝብ ግን ስም የሚያወጣለት ጎረቤቱ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ከቲቤት በሚዋሰኑት የአሩናቻል ፕራዴሽ ተራሮች የሚኖሩትን ሚሽሚዎች ውሰዱ። ከመካከላቸው አንዱን ወገን የቆላው የአሳም ሰው «ቹሊካታ» ይለው ነበር፤ ጠጉረ ቁርጥ እንደማለት ነው። ጠጉራቸውን ግንባራቸው ላይ ቀጥ አድርገው ይቆርጡ ነበራ! እነሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት ኢዱ ብለው ነው። ዲጋሩና ሚጁ የሚባሉት ሁለቱ ወገኖችም ታራኦንና ካማን የሚል የየራሳቸው ስም አላቸው።

ታዲያ ኢዱን ኢዱ የሚያሰኘው ምንድነው? ጠጉሩ? ሴቶቹ የሚሸምኑት ጥለት? «ሬህ» በተባለው በዓል የሚያርዱት ሚቱን የሚሉት ከብት? ሁሉም አለበት። እኔ ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ነው መሰል፣ ልቤን የሳበው ተረታቸው ነው። ሰውና ታይገር ከአንድ እናት ተወለዱ ይላሉ፤ ታይገር ታላቅ፣ ሰው ታናሽ። (የኛን አገር ነብር አይደለም፤ ባለ ሸንተረሩን፣ ትልቁን ነው።)

ተረት ነው ብለን እንዳናልፈው፤ ተረቱ ሕግ ነው። ታይገር የገደለ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው። ራሱን ሲከላከል ቢሆን እንኳ «ኢጉ» የተባለው የሥርዓቱ አዋቂ ተጠርቶ፣ ለሞተ ሰው የሚደረገው ዓይነት ሥርዓት ይፈጸማል። ሌላውን አውሬ ያድናሉ፤ ወንድም ግን አይታደንም።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ከ4,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የዲባንግ መሬት የዱር እንስሳት መጠለያ ብሎ ከለለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይገር ከ3,600 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በረዶ ላይ ሲራመድ በካሜራ መታየቱ ይፋ ሆነ። መጠለያው የታይገር ጥብቅ ክልል ይሁን የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ግን ብዙ ኢዱዎች ተቃወሙ። ታይገር ጠልተው እንዳይመስላችሁ! ከገዛ ጫካቸው የሚያርቃቸውን ጥበቃ ፈርተው ነው። ወንድምን ከወንድሙ መጠበቅ ምን ይሉታል? ደግሞስ፣ በዚያው በዲባንግ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የ2,880 ሜጋ ዋት ግድብ መሠረት ድንጋይ የተጣለው በማን ጫካ ውስጥ ነው?

ዩኔስኮ የኢዱን ቋንቋ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ቋንቋዎች መዝግቦታል። ያ ሕግ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም፤ ያለው በኢጉ ዜማና በሽማግሌዎች አፍ ነው። ቋንቋው ካለፈ ለታይገሩ ዘበኛ ይቀጠርለት ይሆናል፤ ወንድም ግን አይኖረውም።