ብርሃን የመረመረው የካርቦን ቧንቧ

ካርቦን በከሰልም በእርሳስም ውስጥ የሚገኝ፥ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ከዚሁ ከካርቦን የሚሠራ፥ ናኖቲዩብ የሚባል ቧንቧ አለ፤ ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር ያህል፥ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። በዚህ ጠባብ ነገር ውስጥ ኤሌክትሮን ምን እንደሚያደርግ ሊቃውንት ያወቁት ብርሃንን በመመርመር ነው። ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብርሃንን መመርመር የቆየ ጥበብ ነው። በ1814 ፍራውንሆፈር የተባለው ጀርመናዊ መነጽር ሠሪ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በቀለማቱ መካከል ጥቋቁር መስመሮችን ተመለከተ፤ ምክንያታቸውን ግን አላወቀም። ኪርኾፍና ቡንሰን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች እንዳሉት በሃይደልበርግ ያስረዱት ከ1859 ጀምሮ ነው።

የካርቦኑን ቧንቧ በ1991 ለዓለም ያሳወቀው ጃፓናዊው ሊቅ ሱሚዮ ኢጂማ ነው፤ ባለ አንድ ግድግዳውም በ1993 ተገለጠ። ቧንቧዎቹ ግን እንደ ጭራሮ እየተሳሰሩ ብርሃን አይሰጡም ነበር። በ2002 በአሜሪካ በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንት ሳሙና በመሰለ ነገር ውሃ ውስጥ ለያዩአቸው፤ ያን ጊዜ ብዙዎቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን መልሰው ሰጡ።

ከዚህ በኋላ አንድ ታላቅ ጥያቄ ቀረ። ብርሃን ኤሌክትሮንን ሲያስነሣ፥ ኤሌክትሮኑ ነጻ ሆኖ ይሄዳልን? ወይስ ትቶት ከተነሣው ባዶ ቦታ ጋር ተሳስሮ፥ ኤክሳይቶን የሚባል ጥንድ ሆኖ ይኖራል? ጃፓናዊው ሱኔያ አንዶ ተሳስሮ እንደሚኖር በ1997 በሒሳብ አመልክቶ ነበር፤ ዳሩ ግን የታየው ብርሃን በሁለቱም መንገድ ሊተረጐም ይችል ነበርና ክርክሩ አላበቃም።

በ2005 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቶኒ ሃይንዝ፥ ሉዊስ ብሩስና ባልደረቦቻቸው ቧንቧው በአንድ ጊዜ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን እንዲውጥ አደረጉ። ኤሌክትሮኑ ነጻ ቢሆን ኖሮ፥ የሁለቱ ቅንጣቶች ድምር ኀይል ቧንቧው መልሶ ከሚሰጠው ብርሃን ኀይል ጋር እኩል ሲሆን መዋጡ በጀመረ ነበር። የተገኘው ልክ ግን ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ከልዩነቱም ተነሥተው የጥንዱ ማሰሪያ 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል መሆኑን አሰሉ። የክፍል ሙቀት የሚሰጠው ኀይል 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጥንዱን በቀላሉ ሊፈታው አይችልም።

እንግዲህ ማየትና ማወቅ አንድ አይደሉም። ፍራውንሆፈር ያየው እስኪታወቅ 45 ዓመት ፈጀ፤ የናኖቲዩብ ብርሃን ምሥጢር ግን በ3 ዓመት ተገለጠ፤ ምክንያቱም ሁለቱን አሳቦች የሚለይ ፈተና በብልሃት ተዘጋጅቶ ነበር። እኛም ተማሪዎች በቤተ ሙከራ አንድ ነገር ባየን ጊዜ «ይህን ሊያመጣ የሚችል ሌላ ምክንያት አለን?» ብለን እንጠይቅ፤ ሁለቱን የሚለየውንም ፈተና እንፈልግ።