የልብን ገመድ የተከተለው ጃፓናዊ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ሱናዎ ታዋራ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ ሐኪም ላን ወንዝ ዳር ወዳለችው ትንሽ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ወደ ማርቡርግ መጣ። ዕድሜው ገና 30 ገደማ ነው። የላከው መንግሥት የለም፤ የመጣው በግል ወጪው ነበር።

ያኔ ለጃፓን ሐኪም ወደ ጀርመን መሄድ እንግዳ ነገር አልነበረም። አገሪቱ የሕክምና ትምህርቷን ያደራጀችው የጀርመንን አርአያ ተከትላ ነው። ሌላው ጃፓናዊ ሐኪም ሺባሳቡሮ ኪታሳቶም ቀደም ብሎ በርሊን በባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮኽ ዘንድ ሠርቶ፣ በ1889 የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ለብቻው አሳድጎ አሳይቷል። ታዋራ ግን ያተኮረው ልብ ላይ ነበር።

የተቀበለው ፕሮፌሰር ሉድቪግ አሾፍ ነው። አሾፍ በ1904 በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ ልብ ውስጥ የሚታዩትን፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን ጥቃቅን እብጠቶች ገልጿል። ይህ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳ በሽታ ዛሬም የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች መከራ ነው።

አሾፍ ለእንግዳው የሰጠው ጥያቄ ሰፊ ነበር፤ ልብ ለምን ይደክማል? በዘመኑ ብዙዎች የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ታዋራ ከአስከሬን ምርመራ የተገኙ ከ100 በላይ ልቦችን አንድ በአንድ መረመረ። የተቆጣ ጡንቻ አገኘ፤ ነገር ግን ለልብ ድካሙ ምክንያት ለመሆን የሚበቃ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ። ሐኪሙ ዊልሄልም ሂስ በ1893 የላይኛውንና የታችኛውን የልብ ክፍል የሚያገናኝ ቀጭን የጡንቻ ገመድ አግኝቶ ነበር። ገመዱ ከየት ይነሳል? የትስ ያልቃል?

ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነው። የልቡ ሥጋ በስሱ ይቆረጣል፤ ቁራጩ ቀለም ይነከራል፤ ስላይድ ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያም ቀጣዩ፣ ተራው ሳይዛነፍ። ተመራማሪው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ፣ በአንዱ ስላይድ ያየውን ክር በሚቀጥለው ይፈልጋል። ታዋራ የሰውን ብቻ ሳይሆን የእንስሳትንም ልብ እንዲህ ተከታተለ። በተለይ የበግ ልብ ረዳው፤ ክሮቹ በበግ ውስጥ ተለቅ ስለሚሉ ከተራው ጡንቻ በቀላሉ ይለያሉ።

ያገኘው አንድ ሙሉ ዛፍ ነበር። ሥሩ በላይኛውና በታችኛው ክፍል ድንበር ላይ እንደ ቋጠሮ የተጠላለፈ ጡንቻ ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች ኤቪ ኖድ የሚሉት። ከቋጠሮው የሂስ ግንድ ይወጣል፣ ግራና ቀኝ ይከፈላል፣ ቅርንጫፎቹም እየቀጠኑ ሄደው ተመራማሪው ፑርኪንየ ከታዋራ ከ60 ዓመት በላይ ቀድሞ በበግ ልብ ውስጥ ባያቸው ክሮች ያልቃሉ። ለየብቻ የታወቁ ቁርጥራጮች ልብ እንዲመታ የሚያዘውን መልእክት የሚያደርስ አንድ መስመር ሆነው ተገጣጠሙ።

ግኝቱን የያዘው መጽሐፍ በ1906 በጀርመኗ የና ከተማ ታተመ። አሾፍ መቅድሙን ጻፈ፤ የደራሲው ስም ግን የታዋራ ብቻ ነው። ማርቡርግ ለወጣቱ ካደረገችው ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስላል፤ ያላዋጣውን ጥያቄ እንዲተው ፈቀደችለት፣ የድካሙን ፍሬም በስሙ አስመዘገበችለት።

ወሬው ቶሎ ተሰማ። እንግሊዝ ውስጥ አርተር ኪዝ ከሕክምና ተማሪው ማርቲን ፍላክ ጋር ሆኖ በ1907 የልብ ምት የሚነሳበትን ሌላውን ቋጠሮ አገኘ። ላይደን ውስጥ ተመራማሪው ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው የኢሲጂ መሣሪያው ለሚያያቸው ሞገዶች የአካል ማስረጃ ተገኘለት።

ታዋራ በዚያው በ1906 አገሩ ገባ። ፉኩኦካ ውስጥ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1914 የጃፓን አካዳሚ የንጉሠ ነገሥቱን ሽልማት ሰጠው።

የኢሲጂ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያዋ ትንሽ ጉብታ በኋላ፣ ከረጅሙ ሹል መስመር በፊት፣ አጭር ዝርግ መስመር ትታያለች። መልእክቱ ታዋራ ባገኘው ቋጠሮ ሲያልፍ የሚዘገይባት፣ አንድ ሰከንድ እንኳ የማትሞላ ጊዜ ናት። በዚያች ቆይታ የላይኛው ክፍል ደሙን ወደ ታች ገፍቶ ይጨርሳል።